የእትዬ ደብሪቱ ገንቦ

ያ አገር የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ከመካከላችሁ ለማየት የሚሄድ አይጠፋም፤ የሄደ ደግሞ በሩ ላይ ስሙን ጠይቀው ገንቦ ያወጡለታል፤ ገንቦ የወጣለት ሰው ከዚያ ወዲያ የትም ቢሄድ እዚያው መመለሱ አይቀርም። እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። የማወራችሁም የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ስሜን ግን ለጊዜው ተዉት፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

በዚያ አገር ሰው በተወለደ በአርባ ቀኑ ገንቦ ይወጣለታል፤ አንገተ ቀጭን፣ ሆደ ሰፊ የሸክላ ገንቦ። ገንቦው ከባለቤቱ ጋር አይኖርም። ከከተማው መካከል የገንቦ ቤት የሚባል ረጅም አዳራሽ አለ፤ የሁሉም ገንቦ እዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ፍሬ ጣይ የሚባሉ ሠራተኞች ሰው የሆነውንና ያደረገውን ሁሉ ይከታተሉና ለየነገሩ አንዳንድ ፍሬ ይጥሉበታል። ለታመመ ምስር፣ ከጎረቤቱ ለተጣላ አተር፣ ላገባ ባቄላ፣ በጎ ለሠራ ስንዴ፣ ሹም ላማ ጓያ። በእጁ ሰው የሞተበት ደግሞ ሽምብራ ይጣልበታል። ፍሬው ሁሉ የተቆላ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ጥሬውን ይጥሉ ነበር አሉ፤ አንድ እርጥብ ክረምት መጣና የአገሩ ሕዝብ ጉዳይ በሙሉ በቅሎ ገንቦውን እየሰነጠቀ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር እንዳይበቅል አስቀድሞ ይቆላል።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬ ጣይ ነበርኩ።

ሥራው ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነውና ያስርባል። በሥራ ሰዓት መብላት ክልክል ቢሆንም ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ቆሎ ነበረን። በቀኝ እጃችን ፍሬ እንጥላለን፣ በግራ እጃችን ቆሎ እንቆረጥማለን። በየዓመቱ ገንቦዎቹ በሚጸዱበት ቀን ከየገንቦው ገብስ በእፍኝ እየተዛቀ ይወጣ ነበር። ገብስ በሕጉ ትርጉም ስለሌለው ተጠርጎ ይጣላል፤ ይሄ ሁሉ ገብስ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። የኔ ባለቤት ገብሱ ላይ ሽምብራ ጣል ታደርግበታለች፤ ጨውም ታበዛለች።

ገንቦ የሚያዳምጡም ነበሩ። ነጋዴው፣ አማላጁ፣ የወፍጮ ቤት ሹሙ ይመጣሉ፤ ለገንቦ ቤቱ አዛዥ እጅ መንሻ ይሰጡና የፈለጉትን ሰው ገንቦ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይነቀንቃሉ። የለመደ ጆሮ ምስሩን ከባቄላው ይለያል። እዚያ አገር ሆዷን የቆረጣት ሴት ገና ቤቷ ሳትደርስ መድኃኒት ሻጩ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ባልና ሚስት ጠዋት ከተኮራረፉ ከሰዓት በኋላ ሦስት አማላጅ በራቸውን ያንኳኳል፤ ሁለቱ ሊያስታርቁ ሳይሆን ለባልየው ሌላ ሚስት ሊያመጡ ነው።

ሕዝቡ ሲመረው ጊዜ አጉረመረመ። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠቢባን ሰብስበው የገንቦ ሕግ አስጻፉና ነጋሪት አስጎሰሙ። «ከዛሬ ጀምሮ ገንቦው የባለቤቱ ነው» ተባለ። ሰው ገንቦውን ማየት ይችላል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም አያዳምጠውም። የሰው ምስጢር በአደባባይ አይወራም። በስሕተት የተጣለ ፍሬ ይወጣል። ያን ዕለት ያየሁትን እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። የምር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሕጉ ወደ ሥራ ወረደ።

ፈቃድ ያስፈልጋል ስለተባለ በገበያው በር፣ በወፍጮ ቤቱ በር፣ በምንጩ መውረጃ ላይ አንዳንድ አንባቢ ቆመ። አንባቢው ገንቦህን እነማን፣ መቼና ለምን እንደሚያዳምጡት ከረጅም ብራና ላይ ያነባል፤ አንተ «ፈቅጃለሁ» ትላለህ፤ ከዚያ ትገባለህ። ካልፈቀድክ ማንም አያስገድድህም፤ ውኃ ሳትቀዳ ትመለሳለህ። ሰዉ እንስራ ተሸክሞ ብራና የሚያስነብብበት ትከሻ ስለሌለው አንባቢው አፉን ገና ሲከፍት «ፈቅጃለሁ» እያለ ያልፋል። አንድ ጎረቤቴ እንዲያውም ለምዶበት ሚስቱ ራት ላቅርብ ወይ ስትለው «ፈቅጃለሁ» አላት።

ገንቦን ማየትም ተፈቀደ፤ እጅ ወደ ኋላ ታስሮ። «ገንቦው የእርስዎ ነው፤ መንካት ግን አልተጻፈም» ይል ነበር አዛዣችን። አዛዥ ድልነሳው ይባላል። ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ሰው ሲያለቅስ መሐረብ የሚያቀብል ሰው ነው። ከሁሉ የምፈራው እሱን ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ደብሪቱ ልምጣ።

እትዬ ደብሪቱ የቀበሌያችን አዋላጅ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት አዋልደው በእጃቸው አንዲትም እናት፣ አንድም ሕፃን አልሞተባቸውም። ገንቧቸው ስንዴ በስንዴ ነበር። የእኔንም ሦስት ልጆች ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ በየወሊዱ ማግስት ባለቤቴ ያቀረበችላቸውን ቆሎ እየቆረጠሙ ከአራሷ ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ። እጃቸው ትንሽና ሙቅ ነው። ሰው ሲጨንቀው ያንን እጅ ካየ ይረጋጋል።

አንድ ዓመት ገንቦዎቹ ተጸዱና ከእትዬ ደብሪቱ ገንቦ አንዲት ሽምብራ ተገኘች። ወሬው በዚያው ቀን በየበሩ ደረሰ። በነጋታው አንዲት ወላድ ሊያዩ ወደ ምጥ ቤቱ ሲሄዱ ዘበኛው በዱላው አገዳቸው። በዚያ አገር ሴት የምትወልደው በምጥ ቤት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ለተወለደ ገንቦ አይወጣለትም፣ ገንቦ ለሌለው ደግሞ ውኃ አይቀዳለትም። ሽምብራ ያለበት ሰው ደግሞ የምጥ ቤቱን ደጃፍ አይረግጥም።

እትዬ ደብሪቱ አልጮኹም። አዲሱ ሕግ አለ አይደል? ገንቧቸውን ሊያዩ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ገንቧቸውን ሰፌድ ላይ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ። ስንዴው ተንሿሾ ወረደና ከላዩ ሽምብራዋ ቁጭ አለች።

የመንግሥት ሽምብራ በአመድ የሚቆላ ነው፤ ጠቆር ይላል። ይቺ ግን ፈካ ብላ፣ ወገቧ ላይ ተሰንጥቃ፣ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ጨው ደርቆባታል።

ያን ጊዜ አወቅኩ። ከዓይኔ ተደብቃ አታውቅም፤ በየቀኑ ከኪሴ የማወጣት ሽምብራ ናት። አንዲት ሴት በሰላም አዋልደው ስንዴ ልጥልላቸው ስል አዛዡ ጠርቶኝ ዞር ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ግራ እጄ ከቀኝ እጄ ቀድሞ ነበር።

«ይቺ ሽምብራ ሌላ ናት» አሉ እትዬ ደብሪቱ አጎንብሰው እያዩ። «እስቲ ልንካት።»

«መንካት አልተጻፈም» አለ አዛዥ ድልነሳው።

«እሺ ምላሴ ላይ አድርጉልኝ።»

አዛዡ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የስሕተት ፍሬ እንዲወጣ ማመልከቻ አስገቡ። ጉዳዩ ስልሳ ቀን ይታያል ተባለ። ሦስት ነገር እንዲያሟሉም ተጠየቁ፦ ፍሬው የተጣለበትን ቀን፣ ሞተ የተባለውን ሰው ስም፣ እና የጣለው ሠራተኛ የሰጠውን ቃል።

«በእጄ ሰው ካልሞተ የማንን ስም ላምጣ?» አሉ።

«እንግዲያው ያልሞተውን ሰው ያምጡት» አለ አዛዡ በለስላሳው ድምፁ። «መጥቶ አለመሞቱን ይመስክር።»

እትዬ ደብሪቱ ሄደው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ከኋላቸው ያዋለዷቸው እናቶች፣ ከነልጆቻቸው፣ የሚያዘግሙ፣ የታዘሉ፣ ጢም ያወጡ ጎረምሶች ሳይቀሩ ግቢውን ሞሉት። ባለቤቴና ሦስቱ ልጆቼም ነበሩበት። «ይኸው፣ አልሞቱም» አሉ።

አዛዡ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሕዝቡን በዓይኑ ቃኘ። «የእነዚህ በሕይወት መኖር ከየገንቧቸው ይታወቃል፤ አላከራከረንም። የምንፈልገው ሞተ ከተባሉት መካከል ያልሞተውን ነው።»

«የጣለው ሰውስ? እሱን ጥሩልኝ፤ ልጠይቀው።»

«የፍሬ ጣይ ስም የግሉ ነው። የሰው ምስጢር በአደባባይ አይወራም። አዲሱ ሕግ እርስዎን እንደሚጠብቅ እሱንም ይጠብቀዋል።»

እኔ ከጀርባው ሰፌድ ይዤ ቆሜያለሁ። ኪሴ ውስጥ ቆሎ አለ።

ያን ቀን ሕዝቡ ሲበተን እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ጥግ ያዝን።

«ወንድሜ፣ የጣለውን ሰው ታውቀው እንደሆነ አልጠይቅህም፤ እንዳትቸገር» አሉኝ። «ካወቅከው ግን ንገረው። ልጄ የውብዳር ወሯ ገብቷል። ሆዷን ዳስሻታለሁ፤ ልጁ በመቀመጫው ነው የመጣው። ይሄን ያህል ከባድ አይደለም፣ እኔ ካለሁ። አልጣሽ ግን ገና ናት።»

አልጣሽ እሳቸው ያሠለጠኗት ወጣት አዋላጅ ናት። ገንቧ ንጹሕ ነበር፤ አንድም አስቸጋሪ ምጥ ይዛ አታውቅምና።

«እትዬ፣ ስልሳው ቀን...» አልኩ።

«ሃያ ቀን ቢቀራት ነው። ንገረው፤ አልቀየመውም። ሰው ይሳሳታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው።»

«እሺ፣ ካገኘሁት እነግረዋለሁ» አልኳቸው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። ብናገር በእኔ ገንቦ ጓያ ይጣላል፤ ከሥራ እባረራለሁ፤ ሴቶች ልጆቼን የሚያገባቸው አይገኝም። ይሄን ሁሉ ማታ ማታ ለራሴ እየደረደርኩ አደርኩበት። እውነቱን ለመናገር ግን መደርደር አያስፈልገውም ነበር። ፈራሁ። በቃ ፈራሁ።

ማመልከቻው በገባ በሃያኛው ቀን ረፋድ ላይ የውብዳር ምጥ ቤት ገባች። ተረኛ ፍሬ ጣይ እኔ ስለሆንኩ ከግንቡ ሥር ከነከረጢቴ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ከመስኮቱ ትይዩ ከግንቡ ውጭ ቆመዋል። ዘበኛው «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» ብሏቸዋል።

«አልጣሽ!» እያሉ ከውጭ ይጣሩ ጀመር። «አትጎትቺው! በራሱ ይውረድ! ወገቧን ደግፊያት!»

ከውስጥ አልጣሽ «እሺ እትዬ! እሺ!» ትላለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ዘበኛው እንኳ ፈገግ አለ።

ወዲያው አልጣሽ ጮኸች። «እትዬ! ደሙ! ደሙ አልቆም አለ!»

እትዬ ደብሪቱ ግንቡን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ከእምብርቷ በታች ተጫኚ! በጡጫሽ፣ አጥብቀሽ...»

ዘበኛው ከፊታቸው ገባ። ከጀርባው አንድ የሕግ አስከባሪ ብራና ይዞ ቆሟል፤ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«እትዬ፣ የወላዷን ገላ በአደባባይ እያወሩ ነው» አላቸው ሕግ አስከባሪው። «የሰው ምስጢር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወራም።»

«ልጄ ናት እኮ!»

«ልጅዎ መሆኗ በሕጉ አልተጻፈም። እሷ ትፍቀድ። ፈቅጃለሁ ካለች ይቀጥሉ፤ እንሰማለን።»

እኔም ጆሮዬን አቆምኩ። ያ ቃል፣ በገበያው በርና በምንጩ መውረጃ አገሩ ሁሉ ሳያስብ የሚለፈልፈው ያ ቃል እንዲሰማ ቆመን ጠበቅን።

«የውብዳር!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «የውብዬ፣ ፈቅጃለሁ በይ! አንዴ ብቻ፣ እናቴ! ፈቅጃለሁ በይ!»

የሚሰማው የሕፃኑ ልቅሶ ብቻ ነበር። ቆይቶ አልጣሽ እጇ እስከ ክርኗ በደም ተነክሮ ወጣችና በሩ ላይ ቁጭ አለች።

የተወለደችው ሴት ናት። አያቷ ትርሲት አሏት።

ከለቅሶው በኋላ ማመልከቻው የሚረሳ መስሎኝ ነበር። ግን የዓመቱ መጨረሻ እየቀረበ ስለነበር ከቤተ መንግሥት ጥያቄ መጣ፤ በአዲሱ ሕግ ስንት የስሕተት ፍሬ ወጣ? አዛዡ መዝገቡን ቢያገላብጥ አንድም የለም። ሕጉ መሥራቱን የሚያሳይ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። በስልሳኛው ቀን የእትዬ ደብሪቱ ጉዳይ ተፈቀደ።

ነጋሪት ተጎሰመ። ግቢው ምንጣፍ ተነጠፈበት። እትዬ ደብሪቱ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ የአርባ ቀን ሕፃን አቅፈው መጡ፤ የትርሲት ገንቦም የሚወጣው በዚያው ቀን ነበር። አዛዥ ድልነሳው «መብታቸው የተከበረላቸው የመጀመሪያዋ ዜጋ» ብሎ አጨበጨበላቸውና ሽምብራዋን በትንሽ ሰፌድ አቀረበላቸው። እጃቸው አልታሰረም።

ሽምብራዋን አነሷት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ከተቷት።

ስትሰበር የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በቀስታ አላመጡ፣ ዋጡ፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ከፊቴ ወርዶ ኪሴ ላይ ቆመ።

«ምን አሉ እትዬ?» አለ አዛዡ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቶ።

«ጨው አላት አልኩ።»

አዛዡ አልገባውም። ቀልድ መስሎት ፈገግ አለና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። አዲሷ ገንቦ መጣች፤ ሸክላዋ ገና ይሸታል። አዛዡ ብራናውን ገልጦ አነበበ። በእጁ ሰው የሞተበት ሽምብራ ይጣልበታል፤ ይህች ሕፃን ስትወለድ እናቷ ሞታለች።

«ምን?» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ዓይኗን በቅጡ ያልገለጠች ልጅ! ማንን ገደለች?»

«ስሕተት ነው ካሉ ሕጉ እኮ ተሻሽሏል» አለ አዛዡ፣ መሐረቡን እየዘረጋላቸው። «አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ራሷ መጥታ ታመልክት። መብቷ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጣል።»

ከመንግሥት ከረጢት አንዲት ጥቁር ሽምብራ አወጣሁ። ያኔም መናገር እችል ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ነጋሪቱ ቆሟል፣ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ጣልኳት። ባዶ ገንቦ ውስጥ አንዲት ሽምብራ ብዙ ትጮኻለች።

እትዬ ደብሪቱ ሕፃኗን ታቅፈው ሲወጡ ከጎኔ ቆም አሉ።

«ባለቤትህ ዛሬም ጨው ታበዛለች» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ እስኪሞቱም ድረስ ለማንም ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን በየቀኑ ሲናገሩ፣ ዘበኛ ሲመጣብኝ፣ በሰው ፊት ስዋረድ እያሰብኩ ጠበቅኩ። ዝም ያሉት እኔ ራሴ እንድናገር እየጠበቁ እንደሆነ የገባኝ ከቀበርናቸው በኋላ ነው።

ትርሲት አድጋለች። እጇ የአያቷ ነው፤ ትንሽና ሙቅ። አዋላጅ መሆን ትፈልጋለች። ምጥ ቤቱ ደጃፍ ሄዳ ትቆምና ዘበኛው በዱላው ይመልሳታል። ሴቶቹ አራስ ልጃቸውን ሲያሳዩ እሷ ስትመጣ ይሸፍኑታል። ለምን እንደሆነ ብትጠይቅም ማንም አልነገራትም፤ የሰው ምስጢር አይወራም።

በመጪው ሳምንት አሥራ አራት ይሞላታል። ገንቦዋን ለማየት ትመጣለች፤ እጇን ወደ ኋላ ያስሯታል። ማን ጣለብኝ ብላ ትጠይቃለች። እነሱም ስሙ የግሉ ነው፣ ሕጉ ይጠብቀዋል ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ሌላ መልስ የላቸውም።

ስለዚህ እናንተ እዚህ ስትሰሙ የነበራችሁ፣ ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚያልፍ ካለ፣ ይሄን ያድርስልኝ። እኔም እግሬ ከቻለ ያን ቀን በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ካልቻለ ግን እናንተ ንገሯት። በሷ ገንቦ የተጣለችው ሽምብራ የማንም ሞት አይደለችም። በአያቷ ገንቦ የገባችውም ከቆሎ የወደቀች ናት። የሁለቱም ጣይ አንድ ሰው ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ግራሩ ያለበት ግቢ ውስጥ ይኖራል።

ስሙ ጓንጉል ይባላል። እኔ ነኝ።